ሳልጠራው የመለሰልኝ

እግዚአብሔር ይመስገን! በቅርቡ አንድ አባት ለረጅም ዘመን በበጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኝነት ስላገለገሉን ምስጋና ሲቀርብላቸው፣ እኔም እንድመሰክር ዕድል ተሰጥቶኝ ነበር። እንባ ቀደመኝና ሳልጨርስ ተቀመጥኩ። የቀረውን ልጻፈው።

እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። ቀድማ የነቃችው ልጄ ናት። ሳሎኑ ተያይዟል፤ መውጫችን ደግሞ በዚያው በኩል ነው። ከመስኮት እንዳንዘል ፎቁ ከፍ ያለ ነው። እኔ በድንጋጤ ደርቄ ስቀር ልጄ፣ "እማ፣ በሩን ዝጊው! ጋሼ ዝጉ ብለውናል!" አለችኝ። ዘጋሁት። ብርድ ልብሱን ከበሩ ሥር ጠቀጠቅን፣ መስኮቱን ከፍተን ከሥሩ ወለሉ ላይ ተጋደምን። ስልክ ደውዬ ያለንበትን ክፍል ተናገርኩ። ከዚያ በኋላ የቀረኝ ጸሎት ብቻ ነበር፦ "ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን ያወጣህ አምላክ፣ እኔ ልቅር፣ እሷን ብቻ!" ከዚህ በላይ ለመጸለይ ትንፋሽም አልነበረኝ።

መሰላሉ መስኮቱን ሲነካ ሰማሁ። ጭምብል ያደረጉ ሰው ገቡ፣ ልጄን ተቀብለው አወረዱ፣ ለእኔም ተመለሱ። ድምፃቸውን የለየችው እሷ ናት፤ "ጋሼ ናቸው!" አለች።

እኚህ ሰው በእረፍት ቀናቸው ትምህርት ቤት እየዞሩ ልጆችን ያስተምራሉ። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ሳሎን ውስጥ ስትድህ "ጭስ ሲኖር እንደዚህ ነው" ብላኝ ስቄ ነበር። በእሳት አደጋ ብዙ ሰው የሚሞተው በነበልባሉ ሳይሆን በጭሱ ነው። በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለው፤ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። የተዘጋ በር ደቂቃዎችን ይገዛል፤ ለእኛ የተገዙት ደቂቃዎች እሳቸው እስኪደርሱ በቁ። እኔ የጸለይኩት ያን ሌሊት ነው፤ መልሱ ግን ቀድሞ በልጄ አፍ ተቀምጦ ነበር።

አንዳንዶች "ያዳነሽ እግዚአብሔር ነው፣ ሰውየውን ምን አመጣቸው?" ይሉኛል። እኔ አልስማማም። ላኪውን አመስግኖ መልእክተኛውን በር ላይ የሚያቆም ማን ነው? ደግሞ ሥራው ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2022 እ.ኤ.አ. የእሳት አደጋ ሠራተኝነትን ሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ የሥራ ሁኔታዎች መድቦታል። እሳቸው ይህን ሁሉ ዓመት ያለ ደመወዝ ነው የገቡበት።

ከዝግጅቱ በኋላ ባለቤታቸውን አቀፍኳቸው። ጋሼ ለጥሪ በወጡ ቁጥር እስኪመለሱ እንደማይተኙ፣ ቁጭ ብለው እንደሚጸልዩ ነገሩኝ። ያን ሌሊትም እንዲሁ ነበሩ። ለካ እኔ ለልጄ ስለምን እሳቸው ደግሞ ለባላቸው እየለመኑ ነበር። ወገኖቼ፣ ሁለቱንም በጸሎት አስቡልኝ፤ ጋሼ አሁንም ጥሪ ሲመጣ ይወጣሉ።