«እኔን የት አስገባኸኝ?»

አመዛዛኝ ድርሰት ማረም ከሌሎቹ ሁሉ ይከብደኛል። ተራኪ ድርሰት ሲሆን ቢያንስ ታሪኩ ይዞኝ ይሄዳል። አመዛዛኝ ሲሆን ግን ተማሪዎቼ መከራከር ትተው ይጮሃሉ። «ማንም ሊክደው የማይችል ሐቅ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ካየሁ፣ ከሥሩ ማስረጃ እንደሌለ ሳላነብም አውቃለሁ። ማረም እንዲህ ተጠራጣሪ ያደርጋል።

አንድ ቀን ከጎበዞቹ አንዱ የታረመ ወረቀቱን ይዞ መምህራን ማረፊያ መጣ። ርዕሱ «ስልክ በክፍል ውስጥ ይፈቀድ» ይላል። ልጁ ቋንቋው ያምራል፤ ውጤቱ ግን አላማረለትም።

«ቲቸር፣ ምን ጎደለው? አቋም አለው፣ ምክንያት አለው፣ መደምደሚያ አለው።»

እውነቱን ነው፤ ቅርጹ ሙሉ ነው። የጎደለውን በቃል ባስረዳው «እሺ» ብሎ እንደሚወጣና በሚቀጥለው ያንኑ እንደሚጽፍ አውቃለሁ። ጥግ ላይ የሒሳብ መምህሩ ተቀምጠው ደብተር ያርማሉ። በትምህርት ቤቱ ስልክ በመንጠቅ የሚታወቁት እሳቸው ናቸው። «እስቲ ለእሳቸው አንብብላቸው» አልኩት።

ልጁ ተርበተበተ። ግን ጀመረ። «ከዘመኑ ወደ ኋላ የቀሩ ሰዎች ካልሆኑ በስተቀር ይህን ሐሳብ የሚቃወም የለም» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ።

መምህሩ ቀና አሉ። «እኔን የት አስገባኸኝ? እኔ እቃወማለሁ። ወደ ኋላ ቀርቻለሁ ማለት ነው?»

«አይ ቲቸር፣ እርስዎን ለማለት ፈልጌ ሳይሆን...»

«ግዴለም፣ ቀጥል።»

«ስልክ የእውቀት ምንጭ ነው። ስለዚህ በክፍል ውስጥ ሊፈቀድ ይገባል።»

«መጽሐፍም የእውቀት ምንጭ ነው። ፈተና ላይ ግን ግለጥ አልልህም።»

ልጁ ዝም አለ። እኔ በቀይ እስክሪብቶ ያልቻልኩትን ሰውዬው በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱት። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ስቲቨን ቱልሚን እ.ኤ.አ. በ1958 ያነሣው ነጥብ ይኸው ነው። አቋም አለ፤ ማስረጃ አለ፤ ማስረጃው ለምን ወደዚያ አቋም እንደሚወስድ የሚናገር ሦስተኛ ነገርም አለ። ይኼኛው ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይታለፋል። ልጁ ያለፈው «የእውቀት ምንጭ የሆነ ነገር ሁሉ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ይፈቀዳል» የሚለውን ነው። እንዲህ ተጽፎ ሲያየው ራሱም አላመነበትም።

«ተቃራኒውን ሐሳብ ካስገባሁ ግን የእኔ አይዳከምም?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉም የሚጠይቁት ጥያቄ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ካርል ሆቭላንድና ባልደረቦቹ ይህንኑ በአሜሪካ ወታደሮች ላይ ፈትሸውታል። ከጃፓን ጋር ያለው ጦርነት ገና ረጅም እንደሚሆን የሚያስረዳ የሬዲዮ ንግግር በሁለት ዓይነት አዘጋጁ። አንደኛው የራሱን ወገን ምክንያት ብቻ ያቀርባል፤ ሌላኛው የተቃራኒውንም ያነሣል። ቀድሞውኑ በሐሳቡ ለሚስማሙት የመጀመሪያው ይበልጥ ሠራ። «ጦርነቱ ቶሎ ያልቃል» ይሉ ለነበሩት ደግሞ ሁለተኛው። የልጁ ድርሰት እንግዲህ ለጓደኞቹ የተጻፈ ነው። እነሱ መች ማሳመን ያስፈልጋቸዋል!

ስለዚህ አንድ ሥራ ሰጠሁት። የሒሳብ መምህሩን ሐሳብ፣ እሳቸው «አዎ፣ እንዲህ ነው የምለው» እስኪሉ ድረስ ጽፎ ያሳያቸው።

መጀመሪያ የጻፈው «አንዳንድ መምህራን ተማሪን መቆጣጠር ስለሚወዱ ስልክ ይከለክላሉ» የሚል ነበር። መምህሩ አንብበው መለሱለት፤ «ይኼ አንተ ስለ እኔ የምታስበው ነው፤ እኔ የማስበው አይደለም።» ከዚያ በኋላ ነው ልጁ የጠየቃቸው። በዚያ ሁሉ የድርሰት ወሬ መሀል አንድም ጊዜ ጠይቋቸው አያውቅም ነበር። የእሳቸው ጭንቀት ስልክ የሚነካካው ልጅ አልነበረም። «እሱ ፈልጎ ነው። ከኋላው የተቀመጠው ግን ምን አደረገ?» አሉት።

ልጁ ሄዶ ሲያገላብጥ ለእሳቸው የሚያግዝ ማስረጃ ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የካናዳ ጥናት ነው። ትምህርት እየተሰጠ በላፕቶፕ ሌላ ነገር የሚሠሩት ብቻ ሳይሆኑ፣ ስክሪናቸው የሚታያቸው ሌሎች ተማሪዎችም በፈተናው ዝቅ ያለ ውጤት አምጥተዋል። «ቲቸር፣ ይኼን ካስገባሁ አለቀልኝ» አለኝ። አስገባው አልኩት። እንዲያውም ከሥሩ የሚመጣው አንቀጽ የድርሰቱ ምርጡ ሆነ። አቋሙን መጣል አላስፈለገውም፤ አጠበበው። ስልክ ተዘግቶ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ፤ መምህሩ ለተወሰነ ሥራ «አውጡ» ሲል ብቻ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያውጣ፤ ሥራው ሲያልቅ ይመለስ። ሁሉም አንድ ሥራ ላይ ካለ የጎረቤት ስክሪን የሚያዘናጋበት ምክንያት ይቀንሳል፤ ክርክሩ ይኼ ነው።

የሒሳብ መምህሩ እጅ አልሰጡም። ወረቀቱን ይዘው ቆዩና «ይኼ "ለተወሰነ ሥራ" ያልከው ማን ነው የሚወስነው?» አሉ።

«እርስዎ።»

«እሱን ጻፈው እንግዲህ።» ጻፈው። ግራፍ ሲያስተምሩ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ሊሞክሩት ተስማሙ። ካልሠራ ስልኩን መንጠቃቸውን እንደሚቀጥሉም ነገሩት።

እኔም ውጤቱን አሻሻልኩለት። ሁለት ነጥብ ግን ቀነስኩ። ያን ሁሉ ለፍቶ፣ የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ላይ «ይህ ማንም ሊክደው የማይችል ሐቅ ነው!» ብሎ ዘግቶታል፤ ያውም በቃለ አጋኖ።