ሊብሬው ላይ 1308 ሲሲ ይላል

ዛሬ እዚህ ለንደን፣ መንጃ ፈቃድ በቅርቡ ላወጣው ወንድሜ የማዝዳ አርኤክስ-8 ኢንሹራንስ ዋጋ ስናጠያይቅ ዋልን። ሊብሬው ላይ 1308 ሲሲ ስለሚል እንደ ትንሽ የቤት መኪና ይታይልኛል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ ሆኖም ፒስተን የሌለው፣ ሁለት ባለሦስት ማዕዘን ሮተሮች የሚሽከረከሩበት ይህ ሞተር በጠንካራው ዓይነቱ ከ220 በላይ የፈረስ ጉልበት ስለሚሰጥ፣ መድን ሰጪዎቹ ከሲሲው ይልቅ ጉልበቱንና የነጂውን ልምድ ነው የመዘኑት። የተጠየቀው ዓረቦን ከመኪናው መግዣ በለጠ። አንድ ወዳጃችን «በአባትህ ስም አስገባው» አለው፤ ዋናው ነጂ ልጁ ሆኖ ሳለ አባትን ዋና ነጂ ብሎ ማስመዝገብ ግን በዚህ አገር ማጭበርበር ነው፣ ካሳም ያስከለክላል። አባታችንን ተጨማሪ ነጂ አድርገን፣ አነዳዱን የሚመዘግብ መሣሪያ እንዲገጠም ስንስማማ ዋጋው ጥቂት ወረደ። የሞተር ዘይቱ ወጪ (ይህ ሞተር ዘይት የሚያቃጥለው ሲበላሽ ብቻ ሳይሆን እንዲያቃጥል ተደርጎ ስለተሠራም ነው) ገና አልተነሣም።