ከደሴ እስከ ዋሽንግተን፦ የአየሩን ርቀትና የጉዞውን ሰዓት እንዴት እንዳሰላሁት

እናቴ አሜሪካ የምትኖረውን እህቴን ለመጠየቅ ቪዛ ባገኘች ጊዜ አስቀድማ ያነሳችው ጥያቄ «ልጄ፣ ከቤቴ ወጥቼ እህትህ ቤት እስክገባ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» የሚል ነበር። ቲኬቱ የሚናገረው ስለ በረራው ብቻ በመሆኑ ርቀቱንም ሰዓቱንም ራሴ ለማስላት ተነሳሁ።

ከርቀቱ ጀመርኩ። በማስተምርበት ትምህርት ቤት ባለው ሉል ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ቀጭን ክር ወጥሬ ስይዝ፣ ክሩ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ ላይ አልፎ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል ወደ አትላንቲክ ወጣ። በግድግዳው ካርታ ላይ በማስመሪያ የተሰመረው መስመር ግን በማሊና በሞሪታንያ በኩል ያልፋል፤ አጭሩ መንገድ ሉሉ የሚያሳየው ነው። የሁለቱን አውሮፕላን ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ወስጄ ሳሰላ በመካከላቸው 104 ዲግሪ ያህል አገኘሁ፤ አንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ከጥቂት ስለሆነ ርቀቱ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል።

ከሁሉ ይበልጥ የደነቀኝ አውሮፕላኑ በመንገድ ላይ የሚያርፍባቸው ከተሞች ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለዓመታት ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ያርፍባት የነበረችው የአየርላንዷ ደብሊን በካርታ ስትታይ ወደ ሰሜን እጅግ የራቀች ትመስላለች፤ ሲሰላ ግን በእርሷ በኩል መሄድ መንገዱን የሚያስረዝመው በ270 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የእናቴ በረራ የሚያርፍባት የቶጎዋ ሎሜ በካርታ ከመንገድ የማትወጣ ብትመስልም 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ትጨምራለች። በመሄጃው ማረፍ ያስፈለገበት ምክንያት ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኑ ነው፤ አየሩ ስስ በመሆኑ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሳት ይቸገራል። በዚያ ላይ አትላንቲክን ሲያቋርጥ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ ከፊት ይገጥመዋል።

ሰዓቱን ያሰላሁት ከቤታችን ደጃፍ ጀምሬ ነው። ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያዝኩ። ከኮምቦልቻ ቦሌ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን መርሐ ግብሩ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ክረምት ስለነበረና ደመና በረራውን ሊያዘገየው ስለሚችል ግን እናቴ በዋዜማው አዲስ አበባ ገብታ እንድታድር አደረግሁ፤ የክረምት ተጓዥ ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ እመክራለሁ።

ቲኬቱ መነሻውን 22:30፣ መድረሻውን በማግስቱ 8:30 ይላል። ይህ ሲታይ የ10 ሰዓት መንገድ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለቱም ሰዓቶች የየአገሩ ናቸው፤ የእኛ ክረምት የእነርሱ በጋ በመሆኑና በዚያን ጊዜ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ስለሚገፉ ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች መንገዱ 17 ሰዓት ነው። ለእናቴ በእኛ አቆጣጠር «ማታ 4 ሰዓት ተኩል ትነሺያለሽ፤ ስትደርሺ እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ይሆናል» ብዬ በወረቀት ጻፍኩላት። ቦሌ ቀድሞ ለመገኘት 3 ሰዓት፣ እዚያ ለፓስፖርት ፍተሻና ለሻንጣ 2 ሰዓት፣ እህቴ ቤት ለመድረስ ደግሞ 1 ሰዓት ጨመርኩ፤ ከቦሌ በር እስከ እህቴ በር 23 ሰዓት መጣ።

መመለሻው ይቀላል። ነፋሱ ከኋላ ስለሚገፋና የዋሽንግተኑ ማረፊያ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይደርሳል፤ በእነርሱ ረፋድ ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት ስለሚገባ፣ የኮምቦልቻውን በረራ ለዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አስያዝኩላት።