የእንቁጣጣሽ ስሙኒና የሰፈራችን ሲኒማ ቤት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! 2018 ዓ.ም. የሰላምና የጤና ዘመን ይሁንላችሁ። ምርቃቱን ያስቀደምኩት የቀረው ጨዋታዬ ስለ ሲኒማ ቤት ስለሆነ ነው። በዓልንና ሲኒማን ምን አገናኛቸው የሚል ካለ መርካቶ አላደገም ማለት ነው።

ለእኛ እንቁጣጣሽ የሚጀምረው በቡሄ ነበር። ከሆያ ሆዬ የተገኘው ሙልሙል ወዲያው ይበላል፤ ሳንቲሙ ግን አይነካም። ጳጉሜን ሲገባ ከደብተራችን ወረቀት እየገነጠልን አበባና መላእክት እንሥላለን። የእኔ መላእክት ሁልጊዜ አንዱ ክንፋቸው ከሌላው ይበልጥ ነበር፤ የገዛኝ ሁሉ ግን አንድም ቀን ቅር ብሎት አያውቅም። መስከረም አንድ ጠዋት ቤት ለቤት ስንዞር አንዱ ስሙኒ፣ ሌላው ምርቃት ብቻ ይሰጠናል። እህቶቻችን በዋዜማው አበባየሆሽ ብለው የሰበሰቡትን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይይዙታል፤ ከእነሱ መበደር ከባንክ ከመበደር ይከብድ ነበር። ምሳ እንደተበላ ያ ሁሉ ገንዘብ ተሰብስቦ ወደ ሲኒማ ቤቱ መስኮት ይሄዳል።

ፊልሙ አብዛኛውን ጊዜ የሕንድ ነው። ከመካከላችን ሂንዲ የሚያውቅ አልነበረም፤ ባለማወቁ የተቸገረም አላየሁም። እናት ልጇን ስታጣ አዳራሹ ያነባል፤ አክተሩ ከሞት ሲተርፍ ጭብጨባው ጣራውን ያናጋል። አንድ ጊዜ ፊልሙ መሀል ላይ ተቆርጦ መብራት ሲበራ ከፊታችን የተቀመጡት ትልቅ ሰውዬ በኮታቸው እጅጌ እንባቸውን ሲጠርጉ ተያዙ። በሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚፈሩ ሰው ነበሩ። እኛን ሲያዩ የኦቾሎኒ ጥቅልላቸውን አቀበሉንና ፊታቸውን አዞሩ። ጉርሻ ይሁን ዝም ማሰኛ እስካሁን አልገባኝም።

አያቴ ግን አንድም ቀን ደጃፉን አልረገጠችም። የድሮ አዲስ አበቤ ፊልም የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ይለው ነበር፤ እሷም ስሙን እስከ መጨረሻዋ አልቀየረችም። ከሲኒማ ስንመለስ ግን «ከዚያስ? ልጅቷ አገኘችው?» ብላ ትጠይቃለች።

መናገር የፈለግኩትም ስለዚሁ ነው። ሲኒማ ቤቱ ያልገባውንም ሰው ያዝናና ነበር። የመግቢያ ያጣ ልጅ ከገባው ያስተርካል፤ ለዚህም ኮሎ ይከፍላል ወይም ደብተር ይሸከማል። ጎረቤታችን የነበረ አንድ ልጅ ደግሞ ይህም አላስፈለገውም። በር ላይ የተለጠፈውን ፖስተር በደንብ ያጤናል፤ ከዚያ ከጓሮው ግድግዳ ሥር ቆሞ ድምፁን ያዳምጣል። ተኩሱን፣ ዘፈኑንና ለቅሶውን አጋጥሞ ማታ ሙሉ ፊልም ያወራልናል። ኋላ ገንዘብ አግኝተን እውነተኛውን ፊልም ስናይ ቅር ይለናል፤ የእሱ ይበልጥ ነበርና።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ። በየመንደሩ ቪዲዮ ቤት ተከፈተ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የአማርኛ ፊልም ሲነሣ ሲኒማ ቤቶች እንደገና ነፍስ ዘሩ፤ አምባሳደር፣ አምፒርና ሲኒማ ኢትዮጵያ ደጃፍ የነበረውን ሰልፍ ያየ አይረሳውም። በ2008 ዓ.ም. ቃና የቱርክን ድራማ በአማርኛ አስተርጉሞ ሳሎናችን ድረስ አመጣው፤ ዩቲዩብ ቀጠለ፤ በ2012 ኮሮና አዳራሽ አዘጋ። በማንም አልፈርድም። እኔም ከቱርኮቹ ጋር ብዙ ምሽት አምሽቻለሁ፣ ደስ ብሎኝም ነበር። መርካቶ ውስጥ የታክሲ ረዳቱ ዛሬም «ሲኒማ ራስ!» እያለ ይጣራል፤ ከሚወርዱት መካከል ፊልም ሊያይ የሚወርድ አላጋጠመኝም።

ፊልምማ እንደ ዛሬ በዝቶልን አያውቅም። የቸገረኝ የሚያስተርክ መጥፋቱ ነው። በበዓል ቀን አንድ ቤት ተሰብስበን እያንዳንዳችን በየስልካችን የየራሳችንን እናያለን፤ ሁሉም ሁሉን ማየት ስለሚችል ማንም ለማንም አይነግርም። ልጆቼ ፊልም ንገሩኝ ስላቸው ሊንኩን ይልኩልኛል።

ያ የጓሮ ግድግዳ ተራኪያችን አሁን ዋሽንግተን ዲሲ ነው የሚኖረው። በየበዓሉ ይደውላል፤ የቤተሰቡ ደህንነት ከተጠየቀ በኋላ አንድ ፊልም ሳይነግረኝ ስልኩን አይዘጋም። ባለፈው ፋሲካ የነገረኝን ወድጄው ኋላ ፈልጌ አየሁት። መጨረሻው እሱ እንዳለው አይደለም። ደውዬ ስጠይቀው ግማሹ ላይ እንቅልፍ ወስዶት እንደነበር አመነ፤ ነገር ግን የእሱ መጨረሻ እንደሚሻል ዛሬም ይከራከራል። ፈረድኩለት።

ዛሬም መደወሉ አይቀርም። እናንተም ከዶሮ ወጡ በኋላ አንድ ሰው አስቀምጣችሁ ፊልም ንገሩት፤ ካላያችሁት ደግሞ የተሻለ ነው። መልካም አዲስ ዓመት!