ደንገጎ ላይ የማይገኘውን ብቻ

ቅዳሜ ማታ፣ ድሬዳዋ

ለብስክሌት መንገድ ምን ልያዝ ሲባል ብዙ ሰው ሊበላሽ የሚችለውን ነገር እያሰበ ይጀምራል። እኔ የምጀምረው ከመንገዱ ነው። ሊበላሽ የሚችለውማ ማለቂያ የለውም፤ እሱን ተከትሎ የሄደ ሰው ጋራዥ አዝሎ ይወጣል። እኔ የምጠይቀው፣ የተበላሸውን የሚጠግንልኝ ሰው መንገድ ላይ አለ ወይስ የለም ብዬ ነው። ካለ፣ እሱ ደጃፍ የተቀመጠውን ዕቃ እኔ በምን ዕዳዬ ዳገት ለዳገት እገፋዋለሁ?

ነገ ጎህ ሳይቀድ ከአንድ ወዳጄ ጋር ወደ ሐረር እንወጣለን። ርቀቱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሲወራ ቀላል ነው። ነገር ግን ድሬዳዋ ያለችው 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ሲሆን ዳገቱ ጫፍ ያለችው ደንገጎ ሲደረስ 2,000 ሜትር ታልፏል፤ ያ ሁሉ ሽቅብ ደግሞ በመንገዱ ላይ እኩል አልተከፋፈለም፤ ከከተማ ወጣ ሲሉ ጥምዝ በጥምዝ ተደርድሮ ይጠብቃል። ደንገጎን ካለፉ በኋላ ዓለማያም አወዳይም ከፍ ዝቅ ይላሉ እንጂ ትንፋሽ አይነሱም። ቤት ውስጥ በእጅ ሲመዘን ምንም ያልመሰለው ፒንሳ የሚታወሰው እዚያ ጥምዝ ላይ ነው።

እንግዲህ መንገዱ ያለው ምንድን ነው? ከሁሉ በፊት ጎሚስታ አለው። የጭነትና የጫት መኪና የሚመላለስበት በመሆኑ ኮምፕረሰር ፍለጋ ብዙ አይኬድም። ዓለማያ ላይ ሥራውን ቆሜ ማየት የምወደው አንድ ወጣት ጎሚስታ አለ። የውስጥ ጎማውን ነፍቶ ውኃ በተሞላ ግማሽ በርሜል ውስጥ ይነክርና ቀስ እያለ ያዞረዋል። አረፋው ከተፍለቀለቀበት ቦታ ላይ አውራ ጣቱን ይጭናል፤ ያደርቀዋል፤ ቀዳዳውን በእስክሪብቶ ይከበዋል፤ በብርጭቆ ወረቀት ያሻሸዋል፤ ማስቲሹን ይቀባዋል። ከዚያ ትቶት ይሄዳል። ሻይ ይጠጣል፣ ከሹፌሮች ጋር ያወራል። አንድ ቀን "አትለጥፈውም እንዴ?" ብለው፣ "ከቸኮልክ ሌላ ቤት ሂድ፤ እኔ እርጥብ ላይ አልለጥፍም" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ማስቲሽ ፈሳሹ ተንኖ በጣት ሲነኩት የማይነካካ እስኪሆን ካልተጠበቀ አይዝም። ቤቴ ለጥፌው በማግስቱ ተነፈሰ የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የዘለሉት ያንን የሻይ ሰዓት ነው።

ታዲያ ይህን የመሰለ ባለሙያ የእኔን ጎማ እንደዋዛ መንፋት አይችልም። የኮምፕረሰሩ አፍ የተሠራው ለመኪና ቫልቭ ነው፤ የእኔ ብስክሌት ቫልቭ ደግሞ ቀጭኑ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ብሎን ያለው፣ ፕሬስታ የሚባለው ዓይነት ነው። ሁለቱን የምታስማማው ከጣት ጥፍር የማትበልጥ የናስ ማገናኛ ናት። ክብደት የላትም፣ ዋጋዋም የሚነገር አይደለም፤ እሷ ከሌለች ግን ኮምፕረሰር ሙሉ አየር አጠገቤ ቆሞ እኔ በትንሿ የእጅ መንፊያ ሳልብ እውላለሁ። ስለዚህ አንዷን ቦርሳዬ ውስጥ፣ ሌላዋን ቫልቩ ላይ አጥብቄ ነው የምሄደው።

ሰንሰለትም እንዲሁ ነው። ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ሰንሰለቱ ሰፊ ስለሆነ ማንኛውም ብስክሌት ጠጋኝ በመዶሻና በምስማር ይቀጥለዋል። የእኔ የኋላ ማርሽ ዘጠኝ ነው። የ9 ማርሽ ሰንሰለት ውጫዊ ስፋቱ 6.6 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የ8 ደግሞ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በዓይን አይለይም፣ ማያያዣ ቀለበቱ ግን ይለየዋል። ሰንሰለት የሚበጠሰው ደግሞ ሜዳ ላይ ሳይሆን ዳገት መሐል፣ ከመቀመጫ ተነስተው በሙሉ ኃይል እየረገጡ ማርሽ ሲቀይሩ ነው። ስለዚህ የሰንሰለት መፍቻና ለ9 የተሠሩ ሁለት ማያያዣዎች ያለ ክርክር ይያዛሉ። ከዚህ ሌላ ባለ 4፣ ባለ 5 እና ባለ 6 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ አንድ ላይ የታጠፈበት ትንሽ መሣሪያ፣ ሁለት የጎማ መፈልቀቂያ፣ ጥቂት ናስትሮ። ስለ እነዚህ ብዙ የምለው የለኝም።

ነገ አብሮኝ የሚወጣው ወዳጄ በዚህ አስተሳሰቤ አይስማማም። የሰው እጅ ከማየት ሸክም ይሻላል ባይ ነው፤ ቦርሳው ውስጥ ካቻቪቴ ብቻ ሦስት ዓይነት አለ። እንዲህ ሲያበዛብኝ የፈረንሳዊውን የዩጂን ክሪስቶፍን ታሪክ እነግረዋለሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913፣ በቱር ደ ፍራንስ ውድድር፣ ቱርማሌ የሚባለው ተራራ ላይ የብስክሌቱ የፊት ሹካ ተሰበረበት። የዚያን ጊዜው ደንብ ተወዳዳሪ የተሰበረበትን ራሱ ይጠግን፣ ማንም አይርዳው የሚል ነበር። ብስክሌቱን ተሸክሞ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ወረደና አንድ መንደር ውስጥ አንጥረኛ ቤት ገብቶ፣ ዳኞቹ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ እያዩት፣ ብረቱን ራሱ ቀጥቅጦ ሠራው። ሁለት እጁ ተይዞ ስለነበር ግን አንድ ልጅ ወናፍ ነፋለት። ለዚያች ወናፍ አሥር ደቂቃ ተቀጣ፤ ኋላ ወደ ሦስት ዝቅ ተደረገለት። ደንገጎ ላይ ማን ይቀጣኛል? ብስክሌት ገልብጦ የተቀመጠ ሰው ሲያዩ እረኛውም ይቆማል፣ የባጃጅ ሹፌሩም ይቆማል፣ አንዱ ይይዝልሃል፣ ሌላው "እንዲህ አድርገው" ይላል፤ ምክሩ ብዙ ጊዜ ስሕተት ቢሆንም እጁ ግን ይጠቅማል።

መንገዱ የማይጠግነው ሌላው ነገር እሾህ ነው። የታችኛው የድሬ ቆላ ግራርና ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም ዛፍ የሞላበት ነው፤ ከመንገድ ዳር ጥቂት ወጣ ማለት ይበቃል። ፀሐይ ከከረረ በኋላ አስፋልት ዳር ተቀምጦ ማስቲሽ ሲደርቅ መጠበቅ ስለማይታሰብ ሙሉ የውስጥ ጎማ እይዛለሁ፤ የተበሳውን ዓለማያ አስለጥፈዋለሁ። አዲሱን ከማስገባቴ በፊት ግን የውጭውን ጎማ ውስጡን በጣቴ ዙሪያውን እዳስሰዋለሁ። የግራር እሾህ ጫፉ ተሰብሮ ጎማው ሥጋ ውስጥ ይቀራል። ከውጭ አይታይም፤ ከውስጥ በኩል እንኳ ጎማው ካልተጣመመ ብቅ አይልም። ለዚህ በማንም ዝርዝር ውስጥ ያላየሁት መሣሪያ አለኝ፤ ወረንጦ። አገሬው ከእግሩ እሾህ የሚያወጣበት፣ በክር አስሮ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ያው ወረንጦ ነው። ጎማውን በሁለት አውራ ጣቴ ወደ ውጭ እገለብጠዋለሁ፣ ጥቁሯ ነጥብ ፈገግ ትላለች፣ በወረንጦ ነክሼ እስባታለሁ። በጥፍር ወይም በፒንሳ የማይሆን ሥራ ነው፤ ፒንሳ አፉ ወፍራም ስለሆነ እሾኋን መልሶ ይቀብራታል።

ይህ ሁሉ የሚገባበት ከመቀመጫዬ ሥር የምትታሰረው የሸራ ቦርሳ የሐረር ሥራ ናት። ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወረድ ብሎ ባለው፣ መኪና ግርግር በሚባለው፣ የስፌት መኪናዎች ግራና ቀኝ በሚንጫጩበት መተላለፊያ፣ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ሰፉልኝ። መጠኑን ስነግራቸው፣ "ይህንን ያህል ትንሽ ለምን፣ ልጄ?" አሉኝ። "ሰፊ ከሆነ እሞላዋለሁ፣ አባባ" ስላቸው ሳቁና ያለ ተጨማሪ ክፍያ ከውስጥ ለወረንጦው የምትሆን ቀጭን ኪስ ጨመሩልኝ።

ቁልቁለቱን በሚመለከት ግን የተለየ ሕግ አለኝ። ከደንገጎ ወደ ድሬ ስንወርድ ፍሬን ቢከዳ ቦርሳ ውስጥ ያለ መለዋወጫ ምንም አይፈይድም፤ የጫት መኪናዎች እንዴት እንደሚወርዱ የሚያውቅ ሰው ይህን አይከራከረኝም። ስለዚህ የፍሬን ሥራ የሚያልቀው ቤት ነው። ዛሬ ማታ የፊቱን የፍሬን ሽቦ ከመያዣው ላይ ነቅዬ ስመለከት ከክሮቹ አንዷ ተበጥሳ እንደ ድመት ፂም ቆማለች። ወዲያው ቀየርኩት። የፍሬን ጎማዎቹም ገና ወፍራም ናቸው። የእኔ ፍሬን ቸርኬውን ጨምቆ የሚይዝ ዓይነት ስለሆነ ረጅም ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ ሲያዝ ቸርኬው ይግላል፤ ግለቱ ውስጥ ድረስ ዘልቆ ያለ ማስቲሽ የሚለጠፉትን ዝግጁ መለጠፊያዎች ያስለቅቃል። እነሱን ቤት አስቀምጫቸዋለሁ። ስወርድም ፍሬኑን ጠበቅ፣ ለቀቅ፣ አንዴ የፊቱን አንዴ የኋላውን እያደረግሁ ነው፤ ሰፋ ያለ ቦታ ሳገኝ ደግሞ ቆሜ አስበርደዋለሁ።

ለጉዞው የታጠፉ ጥቂት አሥር ብሮችም አሉኝ። የውጭው ጎማ ጎኑ ከተቀደደ የታጠፈ ብር ከውስጥ ሲገባበት የውስጡ ጎማ እንዳያብጥ ይይዘዋል፤ ከተማ ደርሶ ሲወጣ ደግሞ ተመልሶ የሻይ ሒሳብ ይሆናል። ሁሉም ካልሆነ ሚኒባስ አለ። ረዳቱ ስለ ብስክሌቱ መጀመሪያ የሚጠራው ዋጋ ለመነሻ ያህል ነው፤ ጣሪያው ላይ ሲያስር ግን አጥብቆ ያስራል።

የቀረን ክፍፍሉ ነበር። የወዳጄ ጎማ 26፣ የእኔ 28 ስለሆነ የውስጥ ጎማ አንበዳደርም፤ ሁለታችንም የየራሳችንን እንይዛለን። መንፊያው ከእኔ፣ የሰንሰለት መፍቻው ከእሱ። ውኃው ላይ ግን ተጣላን። ሦስት ሊትር ልጭን ነው ስለው በስልክ ሳቀብኝ፤ ያ ብቻውን ከመሣሪያው ሁሉ ይከብዳል። "መንገዱ ያለውን አትሸከም ያልከው አንተ አይደለህም? ደንገጎ ላይ ሱቅ ሞልቷል" አለኝ። አለ፣ አልካድኩም። ሱቁ ያለው ግን ከዳገቱ ጫፍ ነው፤ ሙቀቱ ያለው ከዳገቱ ሥር። ሁለት ሊትር ላይ ታረቅን፤ ሦስቱን ካቻቪቴዎች ትቶ እንደሚመጣም ቃል ገብቶልኛል።