ነጭ ጋዝ የጠጣው አሞሌ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጅማ አንድ ማደያ ደጃፍ ከባጃጆች ኋላ ተሰልፌ ግማሽ ቀን ዋልሁ፤ ጊዜ ለማሳለፍ ስለ ነዳጅ ክምችት የጀመርሁት ንባብ ከጨው ጋር አገናኘኝ። አሜሪካ፣ የዓረብ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1973 ማዕቀብ ከጣሉባት በኋላ በ1975 ባወጣችው ሕግ መሠረት፣ የመጠባበቂያ ድፍድፍ ነዳጇን በቴክሳስና በሉዊዚያና ከርሰ ምድር ጨው ውስጥ በተቦረቦሩ 60 ያህል ዋሻዎች ታስቀምጣለች። አንዱ ዋሻ ወደ 60 ሜትር ስፋትና ከ700 ሜትር በላይ ቁመት ኖሮት 10 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ይይዛል።

ነገሩን በዓይኔ ላየው ብዬ ከገበያ ለከብት የሚሸጥ አሞሌ ገዛሁ፤ በመርፌ ውኃ እያንጠባጠብሁ መሐሉን ቦርቡሬ ነጭ ጋዝ ሞላሁበት። ነዳጅ ጨው አያሟሟምና ይቆያል ብዬ ነበር። ሲነጋ ጉድጓዱ ባዶ ነው፤ ከሥሩ ያነጠፍሁት ጋዜጣ ርሷል፤ ቤቱም በጋዙ ሽታ ታፍኗል። እናቴ አሞሌውን አንሥታ አሸተተችና «ይህን ደግሞ የትኛዋ ላም ትላሰው?» አለችኝ።

ጥፋቱ የጨው አልነበረም። አሞሌ ከአፋር ሜዳ ገጽ ላይ ተቆርጦ የሚመጣ፣ ጭቃና ቀዳዳ የማያጣ ጨው ነው፤ ከ600 ሜትር በታች ያለውን ጨው ግን በላዩ ያለው ምድር ስለሚጫነው፣ እንደ ሊጥ ቀስ ብሎ እየተሳበ ስንጥቁን ራሱ ይደፍናል። በዚሁ ጠባዩ ዋሻውንም ከዓመት ዓመት በጥቂቱ ያጠብበዋል።

ዋሻውን የሚቆፍረው ውኃ ነው፤ ለአንድ በርሜል ቦታ ሰባት በርሜል ያህል ውኃ ይፈልጋል። ነዳጁን የሚያወጣውም ውኃ ነው፤ ከታች ሲገባ፣ የሚቀልለው ነዳጅ ተንሳፎ በቧንቧ ይወጣል። ይሁንና የሚገባው ጨው አልባ ውኃ ግድግዳውን ስለሚበላ ነዳጅ በወጣ ቁጥር ዋሻው ይሰፋል፤ ስለዚህ ከአንድ ዋሻ ነዳጅ ማውጣት የሚቻለው ለተቆጠረ ጊዜ ያህል ብቻ፣ ማለትም ጥቂት ጊዜ ደጋግሞ ነው። (አገራችን የተጣራ ነዳጅ በጅቡቲ በኩል ስለምታስገባ፣ የድፍድፍ ዋሻ ቢኖረንም የእኔን ሰልፍ አያሳጥረውም ነበር።)

ዊክስ አይላንድ የተባለው የሉዊዚያና ማከማቻ ግን በውኃ የተቦረቦረ ሳይሆን ሰዎች ጨው ሲያወጡበት የኖሩት አሮጌ የማዕድን ጉድጓድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ከበላዩ መሬቱ ሰርጉዶ ተገኘ፤ የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ጨው የሚገባበት መንገድ አግኝቶ ነበርና፣ ነዳጁ ተቀድቶ ወደ ሌሎቹ ዋሻዎች ተዛወረ።