የአሻንጉሊት ቤቱ ጣሪያ፦ ሦስት ቅዳሜ

ባለፈው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነበር ያቆምኩት። አሁን ጣሪያው ላይ ነኝ። ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። ሁለቱ ያለቁት ግን ግድግዳውን በማስተካከል ነው።

አዲስ ለገባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ቤቱ 1 ለ12 ነው። 2 ሜትር የሚሆን በር እዚህ ወደ 17 ሴንቲ ይሆናል ማለት ነው። እንጨቱ 3 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ተቆርጦ የመጣ፣ ምላሱን ቀዳዳው ውስጥ እያስገባችሁ የምታቆሙት። ልጄ እጇን አስገብታ እንድትጫወት ጀርባው ክፍት ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ኮላ አልነካሁም። ሁለቱን የጣሪያ ክንፎች በወረቀት ፕላስተር ብቻ አስሬ ሞከርኳቸው። ጣሪያው በቀኝ በኩል ቁጭ አለ። ግራ በኩል ከኋላ ከፍ ብሎ ቀረ። የባንክ ካርድ አራት ደርቤ ከተትኩበት፣ ገባ። 3 ሚሊ መሆኑ ነው። ኮላውን አብዝቼ፣ በሞርሳ ጠፍሬ ልጨርሰው አሰብኩ። እጄ ሞርሳው ላይ ሳለ እማዬ መጣች። ከአዲስ አበባ መጥታ እዚህ ሜሪላንድ እኛ ጋ ናት።

«ሰያፉን ለክተሽዋል?» አለችኝ።

«የቱን ሰያፍ?»

«ከማዕዘን ማዕዘን ነዋ። እኛ ቤታችንን ስንሠራ አናጢው ሲባጎ ወጥሮ ሁለቱንም ሰያፍ ሳይለካ ክዳን አላነሳም።»

ለካሁ። ከታች ግራ እስከ ላይ ቀኝ 71 ሴንቲ ከ4 ሚሊ። ከታች ቀኝ እስከ ላይ ግራ 70 ሴንቲ ከ8 ሚሊ። እኩል መሆን ነበረባቸው። ቤቱ ዘመም ብሏል፣ 6 ሚሊ ልዩነት አለው። ምክንያቱም ያ ክፍት ጀርባ ነው። ከኋላ የሚይዘው ግድግዳ ስለሌለ ኮላው እስኪደርቅ ድረስ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ለዓይን ምንም አይታይም። ጣሪያው ነው የሚያሳብቀው።

በሞርሳ አስገድጄው ቢሆን ምን ይሆን እንደነበር አሁን ገብቶኛል። ቀጭን ኮምፔንሳቶ ሲታጠፍ እንደ ስፕሪንግ ነው፤ ለመመለስ ሁሌም ይገፋል። ዛሬ ቢይዝ እንኳ ከሳምንታት በኋላ ይላቀቃል።

ሁለተኛው ቅዳሜ በዚህ አለቀ። ነጭ ኮላ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ይለሰልሳል። በሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅ መገጣጠሚያው ላይ አሳረፍኩ፣ የፀጉር ማድረቂያ ነፋሁበት፣ ከዚያ ስስ ቢላ ቀስ አድርጌ ከተትኩ። ሁለት መገጣጠሚያ ብቻ ነው የፈታሁት። ቀሪው ለቀቅ አለና ተንቀሳቀሰ። ረጅሙን ሰያፍ በሲባጎ ስቤ አሰርኩት፣ ሁለቱ ልኮች እኩል እስኪመጡ ድረስ ሲባጎውን በእርሳስ እያጠማዘዝኩ አጠበቅሁት። 71 ከ1፣ 71 ከ1። ኮላ አደረግሁ፣ 24 ሰዓት ሳልነካው ተውኩት።

ከዚያ በኋላ ጣሪያው እንደ ድስት ክዳን ገጠመ።

ኮላ ከመቀባታችሁ በፊት የጣሪያውን ሥር ቀለም ቀቡ። አንዴ ከተዘጋ ብሩሽ ጥጉ ጋ አይደርስም። የመብራት ሽቦ ካላችሁም ያኔውኑ ዘርጉት፤ እኔ ባለ 12 ቮልቱን በጭስ ማውጫው በኩል አወረድኩት።

የማጣበቁ ሰዓት አጭር ነበር። ስስ የኮላ መስመር በግድግዳው አናት፣ አንዱን ክንፍ ማሳረፍ፣ ሌላውን ማስከተል። ፕላስተሩን ከአንዱ ክንፍ ጀምሬ በአናቱ አሻግሬ ሌላው ላይ ወጥሬ ለጠፍኩ። እማዬ አናቱን በሁለት መዳፏ ይዛ ቆመች፤ ሠላሳ ደቂቃ፣ ቡናዋ እየቀዘቀዘ። ልልቀቅሽ ብላት እንቢ አለች።

ክንፎቹ አናት ላይ ሲገናኙ የክብሪት እንጨት የሚያስተኛ ቦይ ይተዋሉ። የክንፎቹን ጠርዝ ሰያፍ አድርጋችሁ በብርጭቆ ወረቀት ብታሞርዱት ቦዩ ይጠባል። እኔ ግን ተውኩት። በኋላ ኮልሞ፣ ማለትም የጣሪያው አናት መክደኛ፣ ይሸፍነዋል።

አሁን የእንጨት ክዳኑ ላይ ነኝ፤ ጣሪያው ላይ በረድፍ የሚለጠፉት ስስ የእንጨት ቁራጮች ማለት ነው። ነጭ ኮላ እዚህ አይሆንም፤ ውኃ ስላለው ስሱን እንጨት ያቆለምመዋል። በቱቦ የሚሸጠውን የግንባታ ማጣበቂያ ነው የምጠቀመው። ቁራጮቹንም አስቀድሜ ቀለም ውስጥ ነከርኳቸው፣ ምክንያቱም ኮላ የነካው ቦታ በኋላ ቀለም አይጠጣም። አሠራሩ እንደ ቆርቆሮም እንደ ሣርም ክዳን ነው፦ ከታች ወደ ላይ፣ የላዩ የታችኛውን እየደረበ። የመጀመሪያውን ረድፍ ድርብ አድርጉት። የሁለት ቁራጮች መገናኛ ከበታቹ ረድፍ መገናኛ ጋር እንዳይገጥም ደግሞ ግማሽ ግማሽ እያዛነፋችሁ ሂዱ።

በየ2 ሴንቲው በእርሳስ መስመር አስምሬ የፊቱ ክንፍ ላይ 5 ረድፍ ደርሻለሁ። ቀጥሎ ጭስ ማውጫው ነው። ዙሪያውን የሚከቡት ቁራጮች በልክ መቆረጥ አለባቸውና ዛሬ ማታ ከካርቶን ልካቸውን እያወጣሁ ነው።